ልኩን ከልጁ ውሰዱ፦ ለችግረኛ ልጆች ስጦታ ለሚሰፋ ማኅበር

ማኅበራችን ስፌት በጀመረበት ዓመት 24 የደብተር ቦርሳ ሰፍተን ነበር። አንድ ደግ ነጋዴ ሰማያዊ መደብ ላይ ነጭ አበባ የተበተነበት አንድ ጣቃ ጨርቅ ሰጠን፤ እኛም ደስ ብሎን 24ቱንም ከዚያው ቆረጥን። በጳጉሜን ልጆቹን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ አሰልፈን አደልን። ተጨበጨበ፣ ተመረቅን፣ ወደየቤታችን ገባን። ጥቅምት ላይ ከእኛ አንዷ ከልጆቹ መካከል አንዲቱን መንገድ ላይ አገኘቻት፤ ደብተሮቿን በፌስታል ይዛለች። ቦርሳሽስ ብትላት አንገቷን ደፋች። ነገሩን የነገሩን አያቷ ናቸው። ትምህርት ቤት ውስጥ ያ አበባማ ጨርቅ «የምጽዋት ቦርሳ» የሚል ስም ወጥቶለታል፤ ያነገተው ልጅ ሁሉ የማን ልጅ እንደሆነ ከሩቅ ይታወቃል። ልጅቷም ቦርሳውን አልጋ ሥር ከታዋለች።

ስፌቱ ደህና ነበር፤ ጨርቁም ጠንካራ ነበር። የተሳሳትነው ከጨርቁ በመጀመራችን ነው። ጨርቅ ስላገኘን ሰፋን እንጂ ማን እንደሚይዘው፣ የት ይዞት እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚያይበት አላሰብንም። ከዚህ በታች ያለው ከዚያ ወዲህ የተማርነው ነው። እናንተም በማኅበራችሁ፣ በሰንበት ትምህርት ቤታችሁ ወይም በዕድራችሁ ሴቶች መካከል እንዲህ ያለ ሥራ ለመጀመር ካሰባችሁ ይጠቅማችኋል ብዬ አምናለሁ።

ሰውና ቀን

ለመጀመር ብዙ ሰው አያስፈልግም። 8 ሆናችሁ፣ ከመካከላችሁ ሁለቱ በመኪና ቀጥ አድርገው መስፋት ከቻሉ በቂ ነው። አዲስ ማኅበር ማቋቋም አያሻም፤ የጽዋ ማኅበር ካላችሁ ሰዎቹ አሉ፣ መተማመኑም አለ። ሰበካ ጉባኤውን አስፈቅዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤቱን አዳራሽ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ጠይቁ። የሰፈራችሁን ልብስ ሰፊም አትርሱ። እኛ ጋ ሱቃቸውን ለልጃቸው የለቀቁ አንድ ጋሼ አሉ፤ በየሳምንቱ መጥተው የሚቆርጡልን እሳቸው ናቸው። መቁረጥ ከመስፋት ይከብዳል፤ ተጣሞ የተቆረጠን ጨርቅ የትኛዋም ሰፊ አታቃናውም።

«ዓይኔ ደክሟል፣ መርፌ አይገባልኝም» የሚሉ እናቶችን በዚሁ አታሰናብቷቸው። የተሰፋ ከረጢት መገልበጥ፣ ገመድ በመርፌ ቁልፍ እየጎተቱ ማስገባት፣ የተንጠለጠለ ክር መቁረጥ፣ በካውያ መተኮስ ለእነሱ የሚሆን ሥራ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የየቤቱን ችግር የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ቀኑን ስትመርጡ ብዙ ማኅበር የሚሰናከልበትን ነገር አስቡ። ሰው የሚሰበሰበው በማኅበሩ ቀን ወይም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው፤ በበዓልና በሰንበት ግን መርፌ አይያዝም። እኛ ሁለት ጊዜ ሞክረን እናቶቻችን ቅር ስላላቸው ተውነው፤ ቅሬታቸውም ትክክል ነበር። ስለዚህ ጽዋው በቀኑ ይጠጣ፤ ስፌቱ በሥራ ቀን ይሁን። ሐሙስን ብትይዙ ሐሙሱ 12 ሚካኤል ወይም 21 ማርያም ላይ የሚውልበት ወር ይመጣል፤ ያን ጊዜ ወደ ዓርብ ማዛወር ነው። የትኞቹ በዓላት ሥራ እንደሚከለክሉ ከነፍስ አባታችሁ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩና በደብተር ጻፉት፤ በየጊዜው አትከራከሩበት።

መስተንግዶውን ቀለል አድርጉት። ቡናና ቆሎ ይበቃል። ተረኛዋ ድግስ ካዘጋጀች ቀጣይዋ ላለማነስ ትጨነቃለች፤ በዚያ ላይ ሰዓቱ በመብል ያልፋል።

ሥራውን ከማለቂያው ወደ ኋላ እየቆጠራችሁ አቅዱ። የደብተር ቦርሳ የሚፈለገው መስከረም ላይ ነው። አንድ ቦርሳ በለመደ እጅ ከመቁረጥ እስከ መተኮስ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። 30 ቦርሳ 45 ሰዓት ነው። ሁለት መኪና ካላችሁና በሳምንት 3 ሰዓት ከተቀመጣችሁ 8 ሳምንት ያስፈልጋችኋል። ሰኔ መግቢያ ላይ ከጀመራችሁ ሐምሌ ሳያልቅ ትጨርሳላችሁ። ነሐሴን አትመኑት፤ ከ1 እስከ 16 ፍልሰታ ነው፣ ቅዳሴው ከሰዓት በኋላ ይወጣል፣ ሱባኤ የምትገባም አለች።

መጀመሪያ ልጆቹ

ጨርቅ ከመግዛታችሁ በፊት ልጆቹን እወቁ። አበበች ጎበና እ.ኤ.አ. በ1980 ለግሸን ማርያም ንግሥ ወደ ወሎ ወርደው በረሃቡ መካከል ያገኟቸውን ሁለት ሕፃናት ይዘው ተመለሱ። በኋላ በሺህ የሚቆጠሩ ልጆችን ያሳደገው ሥራቸው የተጀመረው በእነዚያ በሁለቱ ነው። የእኛ ሥራ ከእሳቸው ሥራ ጋር አይወዳደርም፤ መነሻው ግን ከእሳቸው ሊቀዳ ይችላል። ሊረዱ ስለሚገባቸው ልጆች በጠቅላላው ከመነጋገር ይልቅ የተወሰኑትን ስማቸውን ለይቶ ማወቅ ይሻላል።

ስሞቹን ከሦስት ቦታ ታገኛላችሁ፦ ከቤተ ክርስቲያን፣ ከዕድር ዳኞችና ከትምህርት ቤት። ከሦስቱ የክፍል ኃላፊ መምህራን የተሻለ ያውቃሉ። ማን ያለ ምሳ እንደሚውል፣ ማን አንድ ደብተር ለሦስት ትምህርት እንደሚጠቀም ያያሉ። ዝርዝሩ በእጃችሁ ሲገባ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ወደየቤቱ ሂዱ። በዓል ቀን አትሂዱ፣ በቡድን አትሂዱ፣ እንደ መዝጋቢ ወረቀት ዘርግታችሁ አትቀመጡ። ቡና ከተፈላላችሁ ጠጡ። ስትወጡ በደብተራችሁ ላይ ይህን ጻፉ፦ የልጁ ስም፣ ዕድሜ፣ ክፍል፣ የሚወደው ቀለም፣ ትምህርት ቤት ለመድረስ የሚሄደው መንገድ፣ ከትከሻው እስከ ወገቡ ያለው ልክ፣ የሚያሳድገው ማን እንደሆነ። ልኩን በሜትር መለካት የሚከብድ ከመሰላችሁ በስንዝር ለኩና ቤት ስትደርሱ ወደ ሴንቲ ሜትር መልሱት።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 ላይ ያለችውን የኢዮጴዋን ጣቢታ የምናነሳት ብዙውን ጊዜ ከሞት ስለተነሣች ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ ከዚያ በፊት የሆነው ነው። ጴጥሮስ ሲመጣ መበለቶቹ እያለቀሱ የሠራችላቸውን ልብስ አሳዩት። ስንት እንደሰፋች አልተጻፈም፤ የተጻፈው እነዚያ ሴቶች የእሷን እጅ ሥራ እንደያዙና እንዳለቀሱላት ነው። እንዲህ የሚለቀሰው በስም ለምታውቅ ሰው ነው።

ዝርዝራችሁ ውስጥ የሙስሊም ጎረቤት ልጅ፣ የሌላ ቤተ ክርስቲያን ልጅ ይኖራል፤ መኖርም አለበት። ስለዚህ ቦርሳው ላይ መስቀልም ሆነ ጥቅስ አትጥለፉ። ይህ በእኛ ዘንድ ረጅም ክርክር አስነሥቶ ነበር፤ አንዳንዶቹ ስጦታው የማን እንደሆነ ይታወቅ አሉ። እኔ የማምነው እንዲህ ነው፦ ስለ ክርስቶስ ብለን እንሰፋለን፣ ልጁ ግን የእኛን ምልክት ተሸክሞ እንዲዞር አናስገድደውም።

መሣሪያና ጨርቅ

መብራት በሚጠፋበት አገር በእግር የሚረገጥ መኪና ወርቅ ነው። በየቤቱ ጓዳ ጨርቅ ለብሶ የተቀመጠ አሮጌ ሲንጀር ወይም ቢራቢሮ አለ፤ ጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ የሚያስፈልገው ማጽዳት፣ በማሽን ዘይት ማራስና ቀበቶውን መቀየር ብቻ ነው። የምግብ ዘይት ግን በፍጹም አታስነኩት፤ ይደርቅና ያጣብቀዋል። መርፌ አትቆጥቡ፦ ለፖፕሊንና ለመሳሰለው 14 ቁጥር፣ ለጅንስና ለሸራ 16 ቁጥር ያዙ። የደነዘዘ መርፌ ክር ይዘላል፣ ጨርቅ ይስባል፤ ብዙዎች የመኪናው ብልሽት ነው የሚሉት የመርፌው ነው። ክሩ ፖሊስተር ይሁን፤ ዝናብና ፀሐይ የሚፈራረቁበትን ቦርሳ የጥጥ ክር ለረጅም ጊዜ አይችለውም።

ጨርቁን በሚመለከት አንድ ሕግ አለን፤ ከዚያች አበባማ ጣቃ የተወለደ ነው። ከአንድ ዓይነት ጨርቅ ከ3 ቦርሳ በላይ አንቆርጥም፤ ሦስቱንም ለአንድ ትምህርት ቤት አንሰጥም። ስፋቱ 150 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ጨርቅ አንድ ሜትር ከሃያ ብትገዙ፣ ገበሩ ሳይቆጠር፣ 3 ቦርሳ ከነማንገቻው ይወጣዋል። ለ30 ልጅ 10 ዓይነት ጨርቅ፣ በድምሩ 12 ሜትር ማለት ነው። መርካቶ የጣቃ ትራፊ የሚሸጡ ሱቆች ለዚህ ተስማሚ ናቸው፤ አንድ ሜትር ከምናምን የቀረን ጨርቅ ነጋዴው በቅናሽ ይለቀዋል። ወፍራም ካኪ፣ ጅንስ፣ ሸራ መሰል ጨርቅ ምረጡ። ቀለሙ ሱቅ ከሚሸጠው ቦርሳ የማይለይ ይሁን። የጥጥ ጨርቅ ከሆነ ሳትቆርጡት እጠቡትና ተኩሱት፤ የሚገባው እጃችሁ ላይ ሳለ ይግባ።

ያረጀ ጅንስ ሱሪ ለኪስና ለውስጥ ማጠናከሪያ ያገለግላል። ከዚያ ባለፈ በአሮጌ ልብስ አትስፉ። አዲስ ነገር ይዞ የማያውቅ ልጅ አሮጌውን ከአዲሱ ለይቶ ያውቃል።

ዋሽንግተንም ሆነ ሌላ አገር ያሉ ዘመዶቻችሁ ምን እንላክ ካሏችሁ ጨርቅ አትበሉ። ሻንጣ ይሞላል፣ እዚህም ይገኛል። ጥሩ የመኪና መርፌ፣ ስለታም መቀስ፣ ተጭነው የሚዘጉ ቁልፎች፣ ውሃ የማያሳልፍ ስስ ጨርቅ ይላኩ።

ቦርሳው እንዴት ይሰፋል

የምናቀርበው ልክ ትልቅ የመማሪያ መጽሐፍ ሳይታጠፍ የሚይዝ ነው፤ ሲያልቅ ስፋቱ 30፣ ቁመቱ 36፣ ጥልቀቱ 8 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። መጀመሪያ ልኩን በካርቶን ቁረጡ፤ ሁሉም በዚያ ካርቶን ይሥራ።

ለእያንዳንዱ ቦርሳ ከላይኛው ጨርቅ ወርዳቸው 41፣ ቁመታቸው 46 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት ቁራጮች፤ ከገበሩ ወርዳቸው 41፣ ቁመታቸው 42 የሆኑ ሁለት ቁራጮች፤ ለማንገቻ ወርዳቸው 10፣ ርዝመታቸው 70 የሆኑ ሁለት ጥብጣቦች ያስፈልጋሉ። ለአንደኛና ለሁለተኛ ክፍል ልጆች ጥብጣቡን 60 አድርጉት። ለስፌት የሚተወው ትርፍ በየጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው፤ ልኩ ውስጥ ተቆጥሯል።

በማንገቻው ጀምሩ። ጥብጣቡን በርዝመቱ ለሁለት አጥፋችሁ በካውያ መስመሩን አውጡ፤ ክፈቱትና ሁለቱን ጠርዝ ወደ መሃሉ መስመር አምጥታችሁ እንደገና እጠፉ። አራት ድርብ ሆኖ ወርዱ 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ይሆናል። ሁለቱን ዳር ዳር ስፉት።

ኪሱን የሰውነቱ ቁራጭ ሳይገጠም ስፉ። ኋላ ላይ የተሰፋ ኪስ ይጨማደዳል። ከሌላ ቀለም ብጣሽ ቢሆን ያምራል፤ እዚህ ላይ ደብተራችሁን ገልጣችሁ የልጁን ቀለም ተመልከቱ።

አሁን ሁለቱን ቁራጮች ፊት ለፊት ገጥሙ። ጎንና ጎኑን ስትሰፉ የማንገቻዎቹን የታች ጫፍ ከታችኛው ጠርዝ 8 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ በስፌቱ መካከል አስገቡ፤ ማንገቻው ወደ ውስጥ ተኝቶ እንዲሰፋ ነው፣ ሲገለበጥ ወደ ውጭ ይወጣል። በዚያ ቦታ ላይ ስፌቱን ወደ ኋላ መልሳችሁ ሦስት ጊዜ ደርቡ። ከዚያ ታችኛውን ስፉ። ጠርዙን በሙሉ ዘምዝሙ፤ ያልተዘመዘመ ጠርዝ ወር ሳይሞላው ይተረተራል።

ጥልቀቱ የሚወጣው በማዕዘኖቹ ነው። የጎኑ ስፌት በታችኛው ስፌት ላይ እንዲተኛ ማዕዘኑን ጎትታችሁ ዘርጉት፤ ሦስት ማዕዘን ይሆናል። ከስፌቶቹ መገናኛ ጫፍ 4 ሴንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ አግድም አስምሩ፤ መስመሩ 8 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ልክ ናችሁ። በመስመሩ ላይ ሁለት ጊዜ ስፉ። በሌላኛው ማዕዘንም እንዲሁ። ገበሩንም በዚሁ አሠራር፣ ማንገቻ ሳታስገቡበት፣ ለብቻው ስፉ።

ላይኛውን ገልብጡት፤ ገበሩን ሳትገለብጡ ውስጡ አስገቡ። የላይኛውን ጨርቅ አፍ 1 ሴንቲ ሜትር፣ ቀጥሎ 3 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ አጥፋችሁ የገበሩን ጠርዝ ሸፍኑበትና ዙሪያውን ስፉ። በመጨረሻ የማንገቻዎቹን የላይ ጫፍ በጀርባው አፍ ላይ፣ በመካከላቸው 10 ሴንቲ ሜትር ትታችሁ አስቀምጡ፤ የጥብጣቡን ጫፍ ወደ ሥር አጥፋችሁ አራት ማዕዘን ስፉ፣ አራት ማዕዘኑን ደግሞ ከጥግ እስከ ጥግ በመስቀለኛ አቋርጡት። ቦርሳ የሚቀደደው ከዚያ ነው፤ ከውስጥ በኩል የጅንስ ቁራጭ ብታስደግፉበት ዕድሜው ይረዝማል።

መዝጊያው ትልቅ ቁልፍና ማሰሪያ ይሁን። ዚፕ ያምራል፤ ግን ቀድሞ የሚበላሸው እሱ ነው፣ ሲበላሽም ልጁ የሚጠግንበት መንገድ የለውም።

ከየዓይነቱ አንዱን ፈትኑ። 5 ኪሎ ሩዝ ክተቱበትና ምስማር ላይ ሰቅላችሁ አሳድሩት። ጠዋት የማንገቻውን ሥር አቅርባችሁ ተመልከቱ፤ ስፌቱ መካከል ብርሃን ከታያችሁ ወይም መርፌው የወጋበት ቀዳዳ ከሰፋ ፈትታችሁ እንደገና ስፉ። «ይሄ ለነሱ መች አነሰ» የሚል ቃል በመካከላችሁ ከተሰማ ሥራውን አቁማችሁ ተነጋገሩ። ለገዛ ልጃችሁ የማትሰጡት ነገር ከአዳራሹ አይውጣ።

ለትልልቆቹ ሴት ልጆች

ከ11 ዓመት በላይ ለሆኑ ሴት ልጆች ከቦርሳ የሚበልጥ ስጦታ አለ፤ እየታጠበ የሚያገለግል የወር አበባ ንጽሕና መጠበቂያ። ሞዴስ መግዛት ያልቻለች ልጅ በወር ሦስት አራት ቀን ከትምህርት ልትቀር ትችላለች። ይህን ችግር በአገራችን ወደ አደባባይ ካወጡት መካከል የኬሚካል መሐንዲሷ ፍሬወይኒ መብራህቱ አንዷ ናቸው፤ መቀሌ ላይ በማርያም ሳባ ፋብሪካ የሚታጠብ መጠበቂያ በማምረታቸው ሲ ኤን ኤን እ.ኤ.አ. የ2019 የዓመቱ ጀግና ብሎ መርጧቸዋል። እናንተም በአዳራሻችሁ ልትሰፉት ትችላላችሁ።

አሠራሩ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ያዡ ነው፦ 26 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ ከላይም ከታችም ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ፣ መካከሉ ውሃ የማያሳልፍ ስስ ጨርቅ፤ በግራና በቀኝ ፓንቱን አቅፈው ከሥር በቁልፍ የሚገጠሙ ክንፎች፤ በሁለቱ ጫፍ ላይ ደግሞ አንዳንድ አግድም ጥብጣብ። ሁለተኛው በጥብጣቦቹ ሥር የሚገባው ጨርቅ ነው፦ 25 በ25 ሴንቲ ሜትር፣ ሁለት ድርብ፣ ዙሪያው የተቀመቀመ። ለሦስት ሲታጠፍ ስድስት ድርብ ይሆንና በቂ ይመጣል። ለአንዲት ልጅ 2 ያዥ፣ 8 ጨርቅ፣ 2 ፓንት፣ አንድ ሳሙና፣ ውስጡን የማያሳይ ባለ ገመድ ከረጢት አዘጋጁ።

ለምን ካሬ እንደሆነ ልንገራችሁ። መጀመሪያ የሰፋነው በቅርጹ የተዘጋጀና የማይዘረጋ ነበር። ልጆቹ አጥበው ገመድ ላይ ማስጣት አፈሩ፤ ፍራሽ ሥር ደብቀው አደረቁት። እርጥብ ሆኖ ያደረ ጨርቅ ይሸታል፣ ለበሽታም ያጋልጣል። ካሬው ጨርቅ ሲዘረጋ መሀረብ ይመስላል፤ ፀሐይ ላይ ቢውል ማንም አያውቀውም። ጨርቁ ጠቆር ያለና ያሸበረቀ ይሁን። እዚህ ላይ አዲስ ጨርቅ ብቻ ተጠቀሙ፤ ያረጀ ጋቢ ለስላሳ ቢሆንም ለዚህ አይሆንም።

ሙከራው ቀላል ነው። አጣጥፋችሁ ካስገባችሁ በኋላ አንድ የቡና ስኒ ውሃ ቀስ ብላችሁ አፍስሱበት፤ ከሥሩ ሶፍት አንጥፋችሁ በመዳፋችሁ ተጫኑት። ሶፍቱ ካልረጠበ አለፈ።

አሰጣጡ ለብቻው ይሁን። አንዲት መምህርት ወይም የጤና ባለሙያ ልጆቹን ሰብስባ ስለ አጠባበቁ ትንገራቸው፦ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ይዘፈዘፋል፣ ሙቅ ውሃ ደሙን ያጣብቀዋልና፤ ከዚያ በሳሙና ይታጠባል፤ ፀሐይ ላይ በደንብ ይደርቃል። ወንዶች በዚያ ሰዓት ከአዳራሹ ይውጡ።

ለሕፃናቱ

ከብጣሹ አሻንጉሊት ሥሩ። ቆዳዋ ከልጆቻችን ቆዳ ይምሰል፣ ፀጉሯ ሹሩባ ይሁን። ዓይኗን በክር ጥለፉት እንጂ ቁልፍ አትስፉላት፤ ሕፃን ነቅሎ ይውጠዋል። ውስጧን በባዘቶ ሙሉት፤ ቁራጭ ጨርቅ የሞላባት አሻንጉሊት ስትታጠብ አትደርቅም። ከዚህ ሌላ ብዙ የምለው የለኝም፤ እናቶች ያውቁበታል።

አሰጣጥ

አታሰልፉ። ያን የጳጉሜን ቀን ዛሬም ሳስበው ያመኛል። አሁን የምናደርገው እንዲህ ነው፦ ጳጉሜን ከመግባቱ በፊት እናቶቹን፣ አያቶቹን፣ አሳዳጊዎቹን በየተራ ከመካከላችን ወደ አንዷ ቤት ቡና እንጠራቸዋለን። ቦርሳውን ከ6 ደብተር፣ ከ2 እስክርቢቶ፣ ከእርሳስ፣ ከላጲስና ከመቅረጫ ጋር በተራ ፌስታል ጠቅልለን ለእነሱ እንሰጣለን። በእንቁጣጣሽ ጠዋት ልጁ የሚቀበለው ከእናቱ ወይም ከአያቱ እጅ ነው። ከየት መጣ ብሎ ከጠየቀ የሚመልሱት እነሱ ናቸው፤ ምን እንደሚሉት አንነግራቸውም።

ፎቶ አታንሱ። ገንዘብ ያዋጡ ሰዎች ማስረጃ ይፈልጋሉ፤ መብታቸውም ነው። ለእነሱ ከመታደሉ በፊት አዳራሹ ውስጥ የተደረደሩትን ቦርሳዎች አንሥታችሁ ላኩላቸው፤ የጨርቁንና የክሩን ደረሰኝ፣ የተሰጠውን ብዛት ጨምሩበት። የልጆቹ ስም ያለበት ደብተር ግን ከአንዷ ቤት ቁም ሳጥን አይውጣ።

ጥገና

ብዙዎች የሚረሱት ይህን ነው። የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና አልቆ ልጆቹ በሚያርፉበት ሰሞን ሁለት ሐሙስ ለጥገና ያዙ። ለእናቶቹ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ቦርሳው ታጥቦ ይምጣ፣ ካልታጠበም ይምጣ። በደብተራችሁ ላይ የት እንደተቀደደ ጻፉ። እኛ የማንገቻውን ሥር በጅንስ ማስደገፍ የጀመርነው ባንድ ዓመት 11 ቦርሳ ከዚያው ቦታ ተቀዶ ስለመጣ ነው። ገበሩን ጠቆር ያለ ያደረግነውም የእስክርቢቶ ቀለም የፈሰሰበትን ነጭ አቡጀዴ ካየን በኋላ ነው።

ባለፈው ጥር ያቺ የፌስታል ልጅ፣ አሁን ሰባተኛ ክፍል ናት፣ የታናሽ ወንድሟን ቦርሳ ይዛ መጣች። ማንገቻው አጥሮበታል። ጋሼ ሊያስረዝሙላት እጃቸውን ሲዘረጉ አልሰጠቻቸውም። መኪናው የሚለቀቀው ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ ጠየቀችን። 10 ሰዓት ላይ አንዷ ተነሣችላት፤ ልጅቷም ተቀምጣ፣ እግሯ ፔዳሉን እንዲደርስ ወንበሩን ወደፊት ሳበች።